ከጌጥነሽ አልጋ በላይ የተሰቀለው ዕቃ

አሽዶድ፣ ሮቫ አሌፍ
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለማሐሪ፣

የእስራኤል አምላክ አንተን፣ ሚስትህንና ልጆችህን ከክፉ ይሰውር። ከሁሉ በፊት ለእህቴ ለጌጥነሽ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ይህንን ደብዳቤ ጮክ ብለህ አንብብላት። የማትወደው ነገር ሲመጣ ጆሮዬ አይሰማም ትላለች፤ አትመናት።

እኔ ደህና ነኝ። በኅዳር የልቤን ሥር ከፍተውልኛል። ሐኪሙ ለጥቂት ወራት ደረጃ አትውጣ፣ አትቆጣ ብሎኛል። የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ልጄ ሮኒትም በየቀኑ ትመጣለች። ስለዚህ ሁለቱንም አልቻልኩም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እሠራበት በነበረው የአረጋውያን ቤት የጭስ ጠቋሚዎቹን በአዲስ ሲለውጡ አሮጌዎቹን ወስጄ ሦስቱን በቤቴ ጣሪያ ሰቀልኩ፤ ሁለቱን ለእናንተ ላክሁ። ጎረቤታችሁ ቤት በእሳት የነደደ ሰሞን ነበር። መላኬ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነበር እላለሁ። ነገር ግን የእነዚህ ዕቃዎች ዕድሜ አሥር ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጭስ መጣ አልመጣ አይታመኑም። ያ ዕድሜ አልፏል።

ሌላም ነገር አለ። ሰሞኑን አንዱን አውርጄ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ በማጉያ መነጽር አነበብኩ። የጨረር ምልክት አለበት። ሮኒት በስልኳ ፈልጋ አሳየችኝ፤ እኔም አንብቤ እስኪገባኝ ድረስ አልተውኩትም። በዚህ በአሮጌው ዓይነት ውስጥ ጨረር የምትሰጥ ቅንጣት አለች፤ ጭሱን የሚለየው በእሷ ነው። ዕቃው ሳይሰበር እስካለ ድረስ ማንንም አይጎዳም። ልጅ ፈልቅቆ ከከፈተው፣ ወይም ከቆሻሻ ጋር ካቃጠላችሁት ግን ቅንጣቷ ወጥታ በትንፋሽ ትገባለች። እናንተ ቆሻሻ ከጓሮ እንደምታቃጥሉ አውቃለሁ። ቆራሌውም ፕላስቲክ ያለውን ሁሉ ጠይቆ እንደሚወስድ አልረሳሁም።

ስለዚህ ሁለቱም ይውረዱ። የቀረውን ከወረዱ በኋላ እነግርሃለሁ። አንዱ ከእናትህ አልጋ በላይ መሆኑን አውቃለሁ፤ እሷም እሺ እንደማትል አውቃለሁ። ያለችውን ቃል በቃል ጻፍልኝ። ስልክ እንደማልወድ ታውቃለህ። ስልክ ለበዓል ሰላምታ ነው።

ከደጃችሁ ቸር ወሬ ብቻ ይምጣልኝ።

አጎትህ ዳኘው

* * *

ጎንደር
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ ለአቶ ዳኘው፣

ከቤተሰብዎ ጋር ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? አምላክ በጀመረው እጁ ልብዎን ፈጽሞ ይፈውስልን። እዚህ ያለነው ሁላችንም ደህና ነን።

ደብዳቤዎ ዘግይቶ ደረሰኝ። የያዘው ሰው መንገዱ ተዘግቶበት አዲስ አበባ ሰንብቶ ነበር። ኔትወርክም እንደበፊቱ አይደለም፤ ቢደውሉና ባናነሳ ቅር አይበልዎ።

ስለ ጭስ ጠቋሚው የጻፉትን አንብቤ ደነገጥኩ። አንዱ እርስዎ እንዳሉት ከእናቴ አልጋ በላይ አለ። ሌላው ከእኛ ክፍል በር ላይ ነው። ልጆቹ እንዳይነኩ አስጠንቅቄያለሁ። ማውረዱን ግን ለጊዜው አቆይቼዋለሁ። በቤቱ ሰው ይበዛል፤ እንግዳም ይገባል ይወጣል። ሰው ቀለል ሲል አወርዳቸዋለሁ።

እባክዎ ራስዎን ይጠብቁ። ሮኒት የምትልዎትን ይስሙ።

የእህትዎ ልጅ ማሐሪ

* * *

ጎንደር
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሮኒት፣ በእጅሽ ብቻ የሚሰጥ፣

አባትሽ ፊደል በግድ ስላስቆጠረሽ ዛሬ ይህንን ልጽፍልሽ ቻልኩ። ባለፈው በስልክ ጥቂት እንደተነጋገርን መስመሩ ተቋረጠ። ያልሰማሽው ካለ ብዬ ነው።

እናቴ ያረፈችው ጥር 19 ነው። ሳንባዋን አሟት ብዙም አልቆየች። በኦሪት ሥርዓታችን ቀብረናታል፤ ቄሶቹም ነበሩ። የአባትሽ ደብዳቤ የደረሰኝ ከቀብሩ በኋላ፣ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ ነው። ጮክ ብለህ አንብብላት ይላል። እያነበብኩ ወጥቼ ከግንቡ ኋላ ቆምኩ።

ልቡ እስኪጠና መርዶው ይቆይ ብለሽ ለምነሽኛል፤ እሺ ብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ አደራ። በአሽዶድ ለወገኖቻችን መርዶ ሲነገር ከሽማግሌዎቹ ፊት የሚቆመው አባትሽ ነው። በስልክ አይነገርም፣ በወረቀት አይነገርም፣ ሰው ማለዳ ቤቱ ሳለ በሽማግሌ አፍ ይነገረዋል የሚለው እሱ ነው። በስልክ የተረዱ ሰዎችን ቤት ሄዶ የነገሯቸውን ሲቆጣ እንደነበር ሰምቻለሁ። ስለዚህ ቀኑ ሲደርስ ቄሱንና ሽማግሌዎቹን ይዘሽ ግቢ። አንቺ ብቻሽን እንዳትነግሪው። ከሌላ ሰው አፍ አምልጦ ቢሰማ ዕድሜ ልኩን ይቀየመናል።

እኔ እስከዚያው አልዋሽም፤ ግን ስለ እሷ አልጽፍም። ከባድ ነው።

ወንድምሽ ማሐሪ

* * *

አሽዶድ
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማሐሪ፣

ሰላም ለቤትህ ይሁን። ደብዳቤህ ደርሶኛል። አልወደድኩትም።

እንግዳ ይበዛል ብለህ የጨረር ዕቃ ከሰው አናት ላይ ታቆያለህ? እንግዳ ባለበት ቤት ይልቁንም ቶሎ መውረድ አለበት። ይህንን ምክንያት ልጅ ሆነህ ብታመጣው እንኳ አልቀበልህም ነበር።

እውነተኛውን ምክንያት አውቀዋለሁ፤ እናትህን ፈርተህ ነው። ባለፈው እኔ ጎንደር የመጣሁ ጊዜ ያ ዕቃ ባትሪው ደክሞ በየጊዜው ጢው ይል ነበር። ከገበያ የምትገዙት ባትሪ ወር አይሞላውም። እሷ ተኝታ ጢው ባለ ቁጥር “አቤት፣ ዳኘው” ትላለች። ባትሪ ለውጡልኝ እያለ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፣ እኔ ይኸው ከፊትሽ ተቀምጫለሁ ብላት፣ “ባትሪ መሆኑን አጥቼው ነው? አንተ በዓመት ሁለቴ ነው የምትደውልልኝ፤ እሱ ግን ሳይታክት ይጠራኛል” አለችኝ። ቤት የነበሩት ሴቶች ሁሉ ሳቁብኝ። እኔ አልሳቅሁም። አዲስ ባትሪ ገዝቼ መሰላል ስወጣ በምርኩዟ እግሬን መታችኝ።

እንግዲህ አሁንም ትምታህ። ቻለው። እንዲህ አድርግ። መብራት ባለበት በቀን ወጥተህ ዕቃውን ወደ ግራ አዙረው፣ ከነሙሉ አካሉ ይወርዳል። በቢላ አትፈልቅቀው። ባትሪውን አውጣና ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍነህ ለብቻው አስቀምጠው። ዕቃዎቹን በጨርቅ ጠቅልለህ በቆርቆሮ ጣሳ ክተት፣ ክዳኑን አጥብቅ፣ ምን እንዳለበት ከላይ ጻፍበት፣ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ አኑር። መጣል የለም፣ መቅበር የለም፣ ማቃጠል የለም፤ ለማንም መስጠት የለም። አዲስ አበባ የጨረርን ጉዳይ የሚመለከት የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ፤ ለእነሱ ይሰጣል።

እኔም እዚህ እየተንከራተትኩ ነው። ሞኬድ ወደሚሉት የማዘጋጃ ቤቱ የስልክ አገልግሎት ደወልኩ፤ የመለሰችልኝ ልጅ መጀመሪያ ስለ እሳት የምነግራት መስሏት አድራሻ ጠየቀችኝ። ለአረጋውያኑ ቤት የሸጠው ሱቅ ድሮ ተዘግቷል። ሮኒት “አባ፣ ፓሕ ውስጥ ጣለውና ይብቃህ” አለችኝ። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ማለቷ ነው። ያሳደግኋት ልጅ ናት እንዲህ የምትለኝ።

እናትህ ያለችውን ቃል በቃል ጻፍልኝ ብዬህ ነበር። በደብዳቤህ አንድም ቃል የላትም። ብትሰድበኝም ስድቡን ጻፈው።

በሰላም ቆየኝ።

ዳኘው

* * *

ጎንደር
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ፣

እንደምን ከርመዋል? የልብዎን ጤንነት ከሮኒት እየሰማሁ እጽናናለሁ።

ያዘዙኝን ሁሉ ፈጽሜያለሁ። እሑድ ቀን በብርሃን ሁለቱንም አወረድኩ። ወደ ግራ ሳዞራቸው ያለ ችግር ወጡ። ባትሪዎቹን አውጥቼ በፕላስተር ሸፍኛለሁ። ዕቃዎቹን በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ከትቼ “አይከፈት” ብዬ ጽፌበት ከቁም ሣጥኑ አናት አስቀምጬዋለሁ። ያንኑ ዕለት ቆራሌው መጥቶ ጣሳውን አይቶ ለመነኝ። ውስጡ ምን እንዳለ ስነግረው ሳቀብኝና “ጋሼ፣ እኔ ስንት መርዝ የተሸከምኩ ሰው ነኝ” አለ። አልሰጠሁትም።

ስለዚህ ያሳሰብዎት ነገር ተፈጽሟል። አንድም ሰው አልተቃወመኝም፤ ሥራው በሰላም አለቀ። አዲስ አበባ የምሄድበት ጉዳይ ስላለኝ ያን ጊዜ ወስጄ አስረክበዋለሁ። አሁን አእምሮዎን ያሳርፉ።

አምላክ ዕድሜዎን ያርዝምልን።

ማሐሪ

* * *

አሽዶድ
መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማሐሪ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ለልጆችህም።

ደብዳቤህን አነበብኩ። አስቀምጬው ወደ ባሕሩ ወረድኩ፤ ተመልሼ ደግሜ አነበብኩት። ሥራውን በደንብ ሠርተሃል። ፕላስተሩም ጣሳውም ልክ ነው። አዲስ አበባ ስትሄድ ከሻንጣህ ጋር አትጫነው፤ በእጅህ ያዘው። ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ምን እንደሆነ መጀመሪያ ንገረው፤ ሳይነግሩ ማስረከብ ልክ አይደለም።

አንድም ሰው አልተቃወመኝም ብለሃል።

ጌጥነሽ ባለችበት ቤት ያንን ዕቃ ያለ ጠብ የሚያወርድ ሰው የለም።

ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ አንተም አትጻፍልኝ። ስለ እናትህ ከእንግዲህ አልጠይቅህም። ይህ በወረቀት የሚባባሉት ነገር አይደለም። ለሌላው ሰው ሥርዓቱን ሳስከብር ኖሬ በራሴ ላይ አላፈርሰውም። በሽማግሌ አፍ ያልተነገረኝን አላውቅም።

ሐኪሙ ትናንት መርምሮኝ ልቤ ደህና ነው የሚል ወረቀት ሰጥቶኛል። ሮኒት እንድታየው ከጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ። እሷም አንብባ ፊቴን አየች። ወጥ ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታ ብዙ ቆየች።

ማለዳ ማለዳ ተነሥቼ ነጠላዬን ለብሼ እቀመጣለሁ። ወንበሮችም ከጎረቤት አምጥቻለሁ። ለምን እንደሆነ ጎረቤቴ ሺፍራ ጠየቀችኝ፤ እንግዳ ይመጣል አልኳት። መቼ ነው ስትለኝ እሱን እነሱ ያውቃሉ አልኳት።

ዳኘው

* * *

ጎንደር
ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ፣ ለሐዘን ወንድሜ፣

አምላክ ያጽናዎት። የእሷን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያኑርልን።

ሽማግሌዎቹ መግባታቸውን ሮኒት ነገረችኝ። አሁን ልጻፍልዎ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት እንዳይከብድብዎ ነው፤ ለእኔም ከብዶኝ ነበር። በጻፍኩልዎት ደብዳቤ ሁሉ “እናቴ” ለማለት ብዕሬ እየቆመብኝ ነው የላክሁት።

የታመመችው ድንገት ነው። ሳል ነው ብለን ነበር። ሆስፒታል ብንወስዳት “ቤቴ ውሰዱኝ” አለች፤ ያውቋታል፣ ያለችው አይመለስም። የመጨረሻው ቀን ጠዋት ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። ሴቶቹ ውኃ በጥጥ እያደረጉ ከንፈሯን ያርሱላታል። ያ ዕቃ ጮኸ። ሁልጊዜ እንደሚጮኸው ነው። ዓይኗን ገልጣ ወደ ጣሪያው አየች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ደግሞ ጮኸ። ያን ጊዜ እጄን ያዘችና ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ።

“በልልኝ” አለችኝ።

ሰው ሁሉ ያየኛል፤ አፈርኩ። ከዚያ “አቤት” አልኩ፤ ጮክ ብዬ። እጄን ለቀቀችኝና ዓይኗን ከደነች። ከሰዓት በኋላ አረፈች።

ለዚህ ነው ቶሎ ያላወረድኩት። እንግዳ በዛ ያልኩት ለቅሶው ነው። ባወርደው የቀረ ነገር የሚያልቅ መሰለኝ። ሳወርደው አልጋዋ ከሥሩ አልነበረም፤ መሰላሉን ያቆምኩት አልጋዋ ከነበረበት ቦታ ነው።

ጣሳውን አዲስ አበባ አስረክቤያለሁ። የተቀበለኝ ወጣት ሙሉ በሙሉ ሳይሰበር ያመጣ ሰው ብዙ አይገጥመንም አለኝ። አጎቴ ነው ያዘዘኝ አልኩት።

ልቅሶዎን አያብዙ። ልብዎን ያስቡ።

ማሐሪ

* * *

አሽዶድ
ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለማሐሪ፣

አንተንም ያጽናህ። እናት የቀበረ ሰው ሆነህ እኔን ስታባብል ከረምክ።

እንዴት እንደነገሩኝ ማወቅ ስላለብህ እጽፍልሃለሁ። ማለዳ ነው የመጡት። ቄሱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ከኋላቸው ሮኒትና ባሏ ኮቢ። ገብተው ተቀመጡ። ከዚያ ስለ መኪና ማቆሚያ ማጣት ማውራት ጀመሩ። ስለ ቲማቲም ዋጋም ተወራ። ከእኔ ጋር በየሰው ቤት ሲገቡ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ አስተምሬያቸዋለሁ፤ በእኔ ላይ ሲደርስ ሁሉም ጠፋባቸው። ኮቢ እዚህ የተወለደ ልጅ ነው፣ የሚያየውም መሬት መሬቱን ነው። ብዙ ታገሥኩና “ለቲማቲም በዚህ ሰዓት አትመጡም። ቁሙና እንደ ሥርዓቱ ተናገሩ” አልኳቸው። ቄሱ ቆመ። “ዳኘው፣ እህትህ ጌጥነሽ አርፋለች” አለ።

አውቄ ነበር። ከደብዳቤህ ጀምሮ አውቄዋለሁ። ሲነገረኝ ግን ከወንበሩ ወርጄ መሬት ላይ ተገኘሁ። እንዴት እንደወረድኩ አላየሁም።

የሰፈሩ ረቢ ሊያጽናናኝ መጣ። ከሠላሳ ቀን በኋላ የተሰማ ሞት ሐዘኑ አንድ ሰዓት ነው፣ ሕጉ እንዲህ ነው፣ ተነሥ አለኝ። ሕጉን አነበብኩት፤ እውነቱን ነው። በማታው ሲመለስ እዚያው ተቀምጬ አገኘኝ። የሰማሁት ዛሬ ነው አልኩት። ሰባቱን ቀን ተቀመጥኩ። እሱም በየቀኑ መጣ፤ ስለ ሕጉ ግን ሁለተኛ አላነሣብኝም።

አሁን የዕቃውን ነገር ልፈጽምልህ። የእኔዎቹን ሦስት የጭስ ጠቋሚዎች፣ እዚህ ጋላይ አሻን የሚሏቸውን፣ የሚቀበል ቦታ አገኘሁ። አደገኛ ቆሻሻ የሚረከቡበት ነው፤ ከከተማው ዳር፣ በአውቶቡስ ይኬዳል። ሮኒት በመኪና ልውሰድህ አለች፤ አልፈልግም አልኳት። በጣሪያው አዲሶቹን ከሰቀልኩ በኋላ አሮጌዎቹን በጨርቅ ጠቅልዬ በከረጢት ያዝኩና ወጣሁ። የሁለቱን ባትሪ አውጥቻለሁ። የአንዱን አላወጣሁም። ለምን እንዳላወጣሁ አትጠይቀኝ። ባትሪው የደከመ ነበር።

አውቶቡሱ በሮቫ ሔት ሰፈር ሲያልፍ ከረጢቱ ውስጥ ጢው አለ።

ሰው ዞሮ አየኝ። በዚህ አገር ከከረጢት የሚጮኽ ነገር ደስ አያሰኝም። እኔም ሳላስበው “አቤት” አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ከጎኔ አንዲት ወታደር ልጅ ተቀምጣለች፤ የእኛው ልጅ ናት፣ ጠመንጃዋን በጭኗ አድርጋ ስልኳን ታያለች። ቀና ብላ፣ “ሳባ፣ እኔን ነው?” አለችኝ። አያቴ ማለቷ ነው።

“አንቺን አይደለም፣ ልጄ” አልኳት።

ከረጢቱን አየች፣ እኔን አየች። ስልኳን ኪሷ ከተተች። እስክወርድ ድረስ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ሁለቱንም ጊዜ መለስኩ። ሾፌሩ በመስተዋቱ ያየኝ ነበር።

እዚያ ስደርስ የሚረከበው ሰው ጓንት አጥልቆ አንድ በአንድ አያቸው። የዚህ ባትሪ አልወጣም፣ አምጣው ላውጣው አለኝ።

ተው፣ እኔ አወጣዋለሁ አልኩት።

ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ክዳኑን ገፋሁ፤ ባትሪውን በጣቴ ፈልቅቄ አወጣሁት። ሰውዬው እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። እኔ ዕቃውን ይዤ ትንሽ ቆምኩ። አልጮኸም።

ሰጠሁት።

ዳኘው